ጨርቅ አይሸለምም

የጋሽ ይመርን መሞት የነገረችኝ እናቴ ናት። ከክፍል ስወጣ ደወለች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ስለ ምግቤ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ፈተናዬ ጠየቀችኝ።

«ጋሽ ይመር እኮ አረፉ» አለች። «ዛሬ ጧት ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ወደቁ። አሁን ከቀብር መመለሳችን ነው።»

ስልኩን ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። ጋሽ ይመር ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከቤታችን አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ልብስ የሚሰፉ ሰው ነበሩ። ፊልምም ሠርተዋል፤ አንድ ፊልም ብቻ፣ ከጨርቅ ቁርጥራጭ። የዚያ ፊልም ነገር ሲነሣ እስከ ዛሬ ምራቄ ይመርረኛል። ፊልሙ አይደለም የሚያመርረኝ። ፊልሙን የዳኙት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ይልቅ እኔው ራሴ ነኝ።

በዚህ ዓመት ዩኒቨርሲቲ እንደ ገባሁ ማደሪያችን ውስጥ ልጆቹ ስለ ፊልም ሽልማት ሲከራከሩ ሰማሁ። አኒሜሽን በትልልቆቹ የዓለም ሽልማቶች ላይ ከሌላው ፊልም እኩል ይወዳደር ወይስ ለብቻው ይቀመጥ የሚል ክርክር ነበር። አንዷ አልጋዋ ላይ እንደ ተጋደመች «ካርቱን እኮ ለልጅ ነው፤ ምኑ ይሸለማል?» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ የምናገረው ሞልቶኝ ሳለ ያሰጣሁትን ልብስ ላነሣ ነው ብዬ ወጣሁ። የተሰጣ ልብስ አልነበረኝም።

ጋሽ ይመር ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው ነበሩ። የልክ መውሰጃ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም፤ ለጁምዓ ሰላት ሲሄዱ እንኳ እንዳጠለቁት ይወጡና መንገደኛ ያስታውሳቸዋል። እስፒል በከንፈራቸው ጥግ ነክሰው ስለሚያወሩ ንግግራቸው አጭር ነው። እኔ ነገር ሳላጣራ እሺ ማለት እንደምወድ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። «አንቺ ልጅ፣ ልክ ሳይወሰድ አይቆረጥም» ይሉኝ ነበር። እኔም ወዲያው «እሺ ጋሽ ይመር» እላለሁ። ይስቃሉ፤ እሱንም ሳላስብ ማለቴ ስለሚገባቸው ነው።

ሌላው ልብስ ሰፊ ቁርጥራጩን ይጥለዋል፣ ወይም ለትራስ መሙያ ይሸጠዋል። ጋሽ ይመር ግን ቁራጩም የባለ ልብሱ ነው ይላሉ። የተሰፋውን አጥፈው ሲያስረክቡ ትርፍራፊውን በፌስታል ያሳዩና «ይህቺን ሐላል ታደርግልኛለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ሐላል ይሁንልዎ» የሚል ቃል ከሰውየው አፍ ሳይወጣ ክር አይነኩም። በዚህ የተነሣ ግማሹ የሐይቅ ሰው የእሳቸው ፊልም ውስጥ ጨርቅ አለው፤ እንዳለውም ያውቃል።

አቶ አራጋው የሚባሉ፣ ከአምባሰል በኩል ለገበያ የሚወርዱ ገበሬ ነበሩ። ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ከጋሽ ይመር ጋር ውለው ውለው «ወላሂ» ማለት ለምዶባቸዋል። በየገበያው ቀን ብቅ ይላሉ።

«እህ፣ የኔ ሱሪ የት ደረሰ?»

«ተራራ ሆኗል» ይላሉ ጋሽ ይመር፣ ዓይናቸውን ከስፌቱ ሳይነቅሉ።

«ተራራ! እንግዲያ የመሬት ግብር ሊመጣብኝ ነው በለኛ! ወላሂ አልከፍልም!»

«አትሥጋ፤ ጭንጫ ነው። ምንም አይበቅልበትም።»

ፊልሙ የሴት ልጃቸው የሰዓዳ ፊልም ነው። ሰዓዳ አንድዬ ልጃቸው ነበረች። እንደ ብዙ የሰፈራችን ልጆች ደላላ ተከትላ፣ ወላጆቿን ሳታስፈቅድ፣ በባሕር ወደ ዓረብ አገር ልትሻገር ወጣች። በየመንገዱ የድምፅ መልእክት ትልክ ነበር። መጨረሻ የላከችውን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። «አባዬ፣ ልንሳፈር ነው። ውኃው እኮ እንደ ሐይቃችን ነው፤ አብሽር» ትላለች። ከኋላዋ ሰው ሲጯጯህ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ድምጿ አልመጣም። ጀልባዋ መስጠሟን ከወራት በኋላ ከተረፉት አንዱ ደውሎ ነገራቸው።

ጋሽ ይመር አንድ ዓመት ሙሉ ፊልም የሚባል ነገር አላሰቡም። አንድ ቀን ግን ሱቃቸው ውስጥ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ እያንቀሳቀሱ በስልክ ፎቶ ሲያነሡ አየኋቸው። ስልኩን ጣውላ ላይ አስረው ወደ ታች እንዲያይ አድርገውታል። ጨርቁን የጥፍር ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ ያነሣሉ፤ ያንቀሳቅሳሉ፣ ያነሣሉ። ፎቶዎቹን በፍጥነት ሲያሳልፏቸው ሻሽ የለበሰች ትንሽ ሴት ጠረጴዛው ላይ ሁለት እርምጃ ተራመደች። አጠገቧ የተጋደመው መቀስ ተራራ የሚያህል መሰለኝ።

«ሌላው ሰው የልጁን ነገር በፎቶ ያሳያል» አሉኝ። «እኔ ምን ላሳይ? በዚያ በረሃ፣ በዚያች ጀልባ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ካሜራ ያልነበረበትን በእጅ ከመሥራት ሌላ ምን አለ?»

ሦስት ዓመት ሠሩት። ቀን ቀን ይሰፋሉ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ሰዓዳን ያራምዳሉ። ለጨርቅ ሰዎቹ ፊት አላበጁላቸውም። ጠየቅኳቸው። «ፊት የሚሠራው አላህ ነው። ለእኔ ትከሻዋ ይበቃኛል» አሉ። እውነትም ሰዓዳ ደክሟት ትከሻዋ ሲወርድ፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሲቃና፣ ፊት እንደሌላት ትረሳላችሁ።

ባሕሩን የሠሩት ከሰማያዊ የኮት ገበር ነው። አንድ ሰሞን ሱቁን እየዘጉ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ አሉና ሰው መጨነቅ ጀመረ። ሚስታቸው እትዬ ሉባባ እናቴን ስለ ለመነቻት እኔና እናቴ ሄደን አየናቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ዳር ላይ ተቀምጠዋል፤ ውኃው ይመጣል፣ ይመለሳል።

«ምን እየሆኑ ነው ጋሽ ይመር?» አለች እናቴ በፍርሃት።

«ውኃ ሲመጣ ይቸኩላል፣ ሲመለስ ግን ይዘገያል» አሉ። «እኔ እኩል አድርጌ ነው የሠራሁት። ሰው ውሸት መሆኑን ያውቅብኛል።» የአንድ ወር ሥራቸውን ደምስሰው እንደ ገና ጀመሩ።

ሲያልቅ ሃያ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ከሰዓዳ ድምፅ በቀር ሌላ ንግግር የለበትም። እኔ ድምፁን ከምስሉ ጋር በማቀናጀት ረዳኋቸው። ግን ሰው በስልካቸው ሲያይ «ማሻአላህ፣ የጋሽ ይመር አሻንጉሊት እኮ ይሄዳል!» ብሎ ይስቅና ሰዓዳ ጀልባው ላይ ሳትደርስ ስልኩን ይመልሳል። ይህ ነው አንጀታቸውን ያሳረረው። በዚያው ወራት የጎረቤታችን የወይዘሮ ዘይነባ ልጅ መዲና ከደላላ ጋር መነጋገር ጀምራ ነበር። ጋሽ ይመር ፊልሙን የሠሩት መዲናን ለመሰሉ ልጆችና ለእናቶቻቸው ነው። እነሱ ደግሞ እስከ መጨረሻው አላዩትም።

ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ የፊልም ውድድር መዘጋጀቱ ተሰማ። አዘጋጆቹን ስም አልጠራም፤ ለአፌም አይመቸኝም። በዋናው ዘርፍ ያሸነፈ ፊልም በየወረዳው አዳራሽ ለሕዝብ ይታያል ተባለ።

«ሽልማቱን ለጌጥ አይደለም የምፈልገው» አሉኝ ጋሽ ይመር። «ማኅተም ነው። ማኅተም የሌለበት ወረቀት ማንም አያነብም። ትልቅ ሸራ ላይ፣ ከትልልቆቹ ጋር ተሸልሞ ካዩት ቁጭ ብለው ያዩታል።»

እኔ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር የሰፈሩን ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የውድድሩንም ቅጽ እኔ ሞላሁ። ጋሽ ይመር የዒድ ልብስ ስፌት ስለ በዛባቸው ቅጹንና ፍላሹን ይዤ በሚኒባስ ብቻዬን ደሴ ሄድኩ።

ቅጹ ላይ «መሪ ተዋናይ» የሚል ቦታ ነበረ። ድምፁ የእሷ ስለ ሆነ ሰዓዳ ይመር ብዬ ጽፌ ነበር። መዝጋቢዋ አየችው።

«መሪ ተዋናይቷ አልፈረመችም።»

«የለችም» አልኩ።

«የት ናት?»

«ባሕር ላይ…» ብዬ ጀመርኩ። አልጨረስኩትም።

«ውጭ አገር ከሆነች ውክልና ትላክ» አለችና ቅጹን መለሰችልኝ።

እንደ ልማዴ ይቅርታ ጠየቅኩ። ያኔ የዳኞቹ ሰብሳቢ ከውስጥ ወጣ። ወፍራም ሽቶ ይሸታል። ስልኬ ላይ ፊልሙን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳያይ ፈገግ አለ።

«ካርቱን ነው? ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? የሕፃናት ዘርፍ ውስጥ አስገቢው። እዚያ ተዋናይ አይጠየቅም፣ ተወዳዳሪም የለም፤ በእርግጠኝነት ያሸንፋል። ውጭ አገርም ቢሆን ለብቻው እኮ ነው የሚሸለመው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የምትጽፍ ልጅ ይህ ይጠፋታል?»

ጽሑፌን ስላመሰገነ ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል። ደስ አለኝና «የሕፃናት» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

ሐይቅ ስመለስ ጋሽ ይመር ከሱቃቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

«ተመዘገበ?»

«ተመዘገበ ጋሽ ይመር።»

«ከትልልቆቹ ጋር?»

ደስታቸውን ማበላሸት አልፈለግኩም። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

የውድድሩ ቀን ጋሽ ይመር በአንድ ወር ውስጥ ያሰባሰቡትን ሰው ይዘው ሄዱ፤ እትዬ ሉባባን፣ አቶ አራጋውን፣ ወይዘሮ ዘይነባን፣ መዲናን፣ እኔን። ሁሉም በእሳቸው እጅ የተሰፋ ልብስ ለብሰዋል። በር ላይ ስማችንን ተመለከቱና ወደ ጎን ወዳለች አዳራሽ መሩን። ፊኛ ተሰቅሏል። የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ብስኩት እያነከቱ ወንበሩ ላይ ይዘላሉ። አንድ ወጣት የአንበሳ ጭንብል አድርጎ ይጨፍራል።

ጋሽ ይመር ቆመው ፊኛውን አዩ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ፊልሙ ተጀመረ። ሰዓዳ ከቤቷ ስትወጣ ልጆቹ አጨበጨቡ። በረሃው ላይ አንድ ሰው ወድቆ ሲቀር አንዲት ሕፃን አለቀሰች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አስተማሪያቸው ተነሥታ «ይህ ምንድን ነው? አጥፉልን!» ብላ ጮኸች። ሰብሳቢው እየሮጠ መጣና አስጠፋው። በምትኩ የሚዘፍኑ ጥንቸሎች መጡ። ልጆቹ ወዲያው ሳቁ። መዲናም ሳቀች። ጀልባው ገና አልደረሰም ነበር።

«ጤነኛ ነዎት?» አለ ሰብሳቢው ጋሽ ይመርን። «እንዲህ ያለ ነገር ለሕፃናት ይቀርባል?»

«ለሕፃናት ነው ማን አለ?» አሉ ጋሽ ይመር ዝግ ብለው። «ለእናቶች ነው። ከትልልቆቹ ጋር ይታይልኝ። ይሸነፍ፤ ግን ይታይ።»

«አባቴ፣ ይረዱኝ እንጂ። ፊልም ማለት ሰው ነው። ሰው ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ እኛ ያንን እንዳኛለን። እዚህ ያለው ቁራጭ ጨርቅ ነው። ጨርቅ አይሸለምም።»

አቶ አራጋው አላስቻላቸውም። «እንግዲያ ያንን ኮትና ሱሪ አውልቀህ ና፤ አንተን እንሸልምህ! ጨርቁን ትተን ሰውየውን እንየው፤ ወላሂ ብዙ የሚታይ አለ!»

ወይዘሮ ዘይነባ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ጋሽ ይመር አልሳቁም።

«ጌታው» አሉ፣ «ልጄ ጀልባ ላይ ሳለች የሚያለቅስ ተዋናይ ከአጠገቧ አልነበረም። ዋናው አዳራሽ ውስጥ ያሉት ተዋንያን ለቅሶውን ከየት አመጡት? እነሱም ሠርተውት ነው። የእነሱ ፊት ተሠርቶ ሲያለቅስ ፊልም ከሆነ፣ የእኔ ጨርቅ ተሠርቶ ሲያለቅስ ለምን ጨዋታ ይሆናል?»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ቅጹ ላይ ሕፃናት ይላል፤ የእርስዎ ሰው ናት የፈረመችው» ብሎ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመና ሄደ። ጣቱ ላይ ትልቅ ቀለበት ነበረ። እስከ ዛሬ ያ ቀለበት ይታየኛል፤ ያቅለሸልሸኛል።

በሚኒባስ ተመለስን። በማግሥቱ ሱቃቸው ሄድኩ።

«ጋሽ ይመር፣ እኔ ነኝ…»

«አውቃለሁ።» እስፒሎቹን ከአፋቸው አወጡ፤ ይህን ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሐላል ብዬሻለሁ፤ ከልቤ። ግን ስሚኝ። ያ ሰውዬ ክፉ አይደለም፤ ግድ የለውም እንጂ። አንቺም ክፉ አይደለሽም፤ ማንንም ማስቀየም አትወጂም እንጂ። ግድ የሌለውና ማስቀየም የማይወድ ሲገናኙ ነው ሰው የሚቀበረው።»

እንደ ተመታሁ ሆኜ ወጣሁ። ከሁለት ወር በኋላ መዲና ሄደች። በየት እንደ ሄደች ወይዘሮ ዘይነባ እስከ አሁን አታውቅም። ደርሳለች የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን ደውላ አታውቅም። ጋሽ ይመር ይህን ሲሰሙ ጣውላውን ከጠረጴዛው ላይ ነቅለው አነሡት። ከዚያ ወዲያ ቁራጭ ጨርቅ ሐላል አድርጉልኝ ብለው ሲጠይቁ አልሰማሁም፤ ትርፍራፊውን አጥፈው ለየባለቤቱ ይመልሱ ነበር።

ለለቅሶው የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ሰዎች ድንኳን ተክለዋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ተቀምጧል። በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድ የሐይቅ ወጣት የፊልሙን ሁለት ደቂቃ በኢንተርኔት ለቆት ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ከእኩለ ቀን በኋላ አንድ ነጭ መኪና ድንኳኑ አጠገብ ቆመ። ሰብሳቢው ወረደ። ካሜራ የያዘ ሰው ይከተለዋል። በእጁ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ይዟል።

«ሳናውቃቸው ያጣናቸው ጥበበኛ» አለ ቆሞ። «ሥራቸውን አይቼ አልቅሻለሁ።»

«እስከ መጨረሻው አይተኸዋል?» አሉ አቶ አራጋው ከተቀመጡበት።

«አብዛኛውን…»

«ጀልባው ጋ ደርሰሃል?»

ሰብሳቢው እንዳልሰማ ሆኖ ወረቀቱን ለእትዬ ሉባባ ሰጣት። ካሜራው ተነሣ። እትዬ ሉባባ ማንበብ አትችልም። ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ምን ይላል ልጄ? አንብቢልኝ።»

አየሁት። «በሕፃናት ፊልም ዘርፍ ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ይላል። ለአፍታ ያቺን አንዲት ቃል ልዘላት አሰብኩ። ማንም አያውቅም ነበር። እትዬ ሉባባ ደስ ይላት ነበር፤ ሰብሳቢውም ደስ ይለው ነበር። ከዚያ እንደ ተጻፈው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ አነበብኩት።

ወይዘሮ ዘይነባ ፊቷን አዞረች። እትዬ ሉባባ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት መልሳ ወደ እኔ ገፋችው።

«እኛ ቤት ሕፃን የለም» አለች። «መልሽላቸው።»

ሰብሳቢው ቀድሞ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነበር። በመስኮቱ በኩል ደረስኩበት።

«ቅጹን የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «ተሳስቼ ነበር። ፊልሙ የሕፃናት አይደለም። ዋናው አዳራሽ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ጋር ነበር መታየት የነበረበት። እርስዎም ሳያዩ ነው የፈረዱት።» ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

«አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?» አለ። «ውድድሩ አልፏል።»

የምስክር ወረቀቱን በመስኮቱ አስገብቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ መጀመሪያ ያየው የመስታወቱን ጠርዝ ነው፤ እንዳይሰነጠቅ ፈርቶ። በኮቱ እጅጌ ጠረገውና ለሹፌሩ አቀበለው።

«ከኋላ አስቀምጠው» አለው። «ወረቀቱን እንቀይረዋለን፤ ፍሬሙ ለሌላ ሰው ይሆናል።»